ዲሽ ያሳደጋት ልጅ

ሉማሜ ላይ አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው ሁለት ቦታ ይከፈላል። የቸኮለው ወደ ጓሮ ይሮጣል፤ ያልቸኮለው ሥራነሽ ሻይ ቤት ይገባል። የቸኮለውም ሲመለስ የሚገባው እዚያው ነው። ሥራነሽ ማንንም አትጠራም። በር ላይ ቆመው "ግቡ፣ ግቡ" የሚሉትን ጎረቤቶቿን እያየች "የሚጠጣ ይመጣል፤ የማይጠጣ ቢመጣስ ምን ይረባኛል" ትልና ብርጭቆዋን ታጥባለች።

የሚወዷት ሰዎች ሥራነሽ ደክሟት ነው የተወለደችው ይላሉ። አባቷ ከአምስተኛ ክፍል ሲያስወጧት፣ "ደብዳቤ ካነበብሽ ሌላው ምን ያደርግልሻል" ሲሏት እሺ አለች። ለአበባው ሲድሯትም እሺ አለች። አበባው የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ለዚህ እንኳ እሺ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ግን ሌላ ቃል አልመጣላትም። ለቅሶው ሲያልቅ ሻይ ቤቱና ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ቀሯት። የልጅቱ ስም ዜማ ነው።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ የመንገዱ ዳር ቤት ሁሉ ዲሽ ማስተከል ጀመረ። "ዲሽ ከሌለሽ ደንበኛ ዝንብ ብቻ ነው" አሏት፤ እሷም አስተከለች። ከደብረ ማርቆስ የመጣው ባለሙያ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሳህኑን እያዞረ "አሁንስ?" ይላል። እሷ ከታች "አሁንም ዝናብ ነው" ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ ዝናቡ አባራና ዓረቦች ወጡ።

"ሌላ ምን አለው?" አለችው።

"ሌሎች ዓረቦች አሉት" አላት። ከዚያ ቅር እንዳላት አይቶ አንድ ቁጥር ነካና፣ "ይኼ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የልጆች ነው። ልጅ የለሽም እንዴ?" አላት።

ልጅማ ነበራት። የሻይ ቤት ልጅ ደግሞ ወይ እሳቱ አጠገብ ነው የምትጫወተው፣ ወይ መንገዱ ዳር። ሥራነሽ በዚያ ቀን ዜማን ከቴሌቪዥኑ ፊት ካስቀመጠቻት በኋላ ቂጣ ቆርጣ ሰጠቻትና ወደ ሥራዋ ዞረች። ዞራ ስታይ ልጅቱ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሞግዚት ተገኘ። የማይበላ፣ የማይጠጣ፣ ቤተሰብ ሞተብኝ ብሎ ፈቃድ የማይጠይቅ ሞግዚት ነው፤ መብራት ካልሄደ በቀር።

የሰፈሩ ልጆች ወሬውን ለመስማት አልዘገዩም። በር ላይ ተደርድረው ሲያስቸግሯት ሥራነሽ ሕግ አወጣች፦ ከቦኖ አንድ ጀሪካን ውኃ ቀድቶ ያመጣ ገብቶ ያያል። ከዚያ በኋላ ሥራነሽ ውኃ ቀድታ አታውቅም። አንዳንድ እናት ቤቷ ውኃ አልቆ ልጇ የሥራነሽን በርሜል ሲሞላ እያገኘችው፣ "አንተ፣ እኔ ነኝ የወለድኩህ ወይስ ሥራነሽ?" እያለች በጆሮው ትወስደዋለች።

ልጆቹም ብዙ ነገር ተማሩ። ጥርስ ከላይ ወደ ታች እንደሚቦረሽ ተማሩና መፋቂያውን ከላይ ወደ ታች አደረጉት። አንዱ የእናቱን ነጠላ አንገቱ ላይ አስሮ ከአጥር ላይ በረረ፤ ክንዱ ወለም ብሎ ወጌሻ ዘንድ ሄደ። እናቱ ሥራነሽን ልትጣላ መጣች። ሥራነሽ ሻይ ሰጠቻትና፣ "እኔም እንዳይበር ነግሬው ነበር፤ ግን ከእኔና ከዚያ ማንን ይሰማል?" አለቻት። ሴትየዋም ሻይዋን እየጠጣች ወደ ቴሌቪዥኑ ዞር አለችና ጠቡን ረሳችው።

ዜማ ግን ከሁሉም የባሰች ሆነች። ሌሎቹ ሥዕሉን ሲያዩ እሷ ንግግሩን ትለቅም ነበር። መጀመሪያ ዳቦ ሲሰጧት "ሹክረን" አለች። ቀጥሎ ድመቷን ስታባርር፣ ቀጥሎ አሻንጉሊቷን ስትቆጣ፣ ቀጥሎ እንደ ውኃ ወረደላት። አምስት ዓመት ሲሆናት ከቴሌቪዥኑ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ለልጆቹ ታስተረጉም ነበር። "አሁን ተቆጥታ ነው። አሁን ወንድሜ የት ሄደ እያለች ነው። ዝም በሉ፣ አሁን የሚያስፈራው ሰውዬ ሊናገር ነው።" ሥራነሽ ብርጭቆ እያጠበች ትሰማለች። ልጄ ጎበዝ ናት ብላ ታስብና፣ ደግሞ ጉብዝናው ለምን እንደሚጠቅም ሲጠፋት እሱንም ትተወዋለች።

ነገሩ የከረረው አማቷ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ለዘመድ ተዝካር ከአምበር መጥተው ሉማሜ ያደሩ ዕለት ነው። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት የአበባው እናት ናቸው። ከአምበር ከተማ ወዲያ፣ በእግር የሚኬድበት ቀበሌ ውስጥ እርሻና ከብት አላቸው፤ ሌላ ልጅ ግን የላቸውም። ከዜማ ጋር አንድ መደብ ላይ ተኙ። ጠዋት ሲነሱ ፊታቸው የዋለ ያደረ ሊጥ መስሏል።

"ሥራነሽ" አሉ።

"እመት።"

"ይቺ ልጅ ማታ ከማን ጋር ነው ያደረችው?"

"ከእርስዎ ጋር ነዋ፣ እሜቴ።"

"እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር። ሌላም ነበረበት። ሌሊቱን ሙሉ በማላውቀው ቋንቋ ስትሟገት አደረች። እንደ ትልቅ ሰው ትቆጣለች፣ ትለምናለች። ስሟን ብጠራት 'ላ! ላ!' ነው የምትለኝ።"

"እሱማ ከቴሌቪዥኑ ነው፣ እሜቴ። ከዓረቦቹ የለቀመችው ነው።"

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥቁር ነገር ትኩር ብለው አዩት።

"ይኼ ነው ያስተማራት?"

"አዎ።"

"ጆሮው የት አለ?"

"ጆሮ የለውም።"

"እንግዲያስ ምን ልትይ ነው?" አሉ አማቷ። "የኔታ እንኳ ተማሪው ሲስት እየሰሙ፣ እያረሙ፣ እየገረፉ፣ ስንት ዓመት ፈጅተው ነው አንድ ልጅ የሚያወጡት። የማይሰማ፣ የማያርም፣ የማይገርፍ ነገር ልጅ አስተማረ ትይኛለሽ? አፍ ብቻ ያለው መምህር የት ይታወቃል? እኔ የማውቀው ሳያስተምሩት ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ነው፤ ስሙን በጠዋቱ አልጠራውም።"

ሥራነሽ እሺ አለች። እውነትም ለልጅ የሚመልስ መምህር እንጂ ለራሱ የሚያወራ መምህር አይታ አታውቅም። ዜማን ይዘው በሚኒባስ ወደ አምበር፣ ከዚያም በእግር ወደ ጠበሉ ሄዱ።

ጠበሉ ገደል ሥር ነው፤ ውኃው አጥንት ይሰብራል። ያለፈውም ሌሊት ውርጭ ነበር። አጥማቂው አባ ወልደ ሩፋኤል የሚባሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማሩ፣ ድምፃቸው ትልቅ የሆነ ቄስ ናቸው። ዜማ ተራዋ ደርሶ የመጀመሪያው ጣሳ ራሷ ላይ ሲፈስ ትንፋሿ ቀጥ አለ። ከዚያ ገደሉን በሚያስተጋባ ድምፅ ጮኸች።

"አንቂዙኒ! አንቂዙኒ!"

ተሰልፎ የነበረው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ለሥራነሽ "ሰማሽ?" የሚል ዐይን ሰጧት። አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ወደ ልጅቱ ግንባር አስጠጉ።

"ማን ነህ? ስምህን ተናገር።"

ዜማ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ቀና ብላ አየቻቸው። ጢማቸው ትልቅ ነው። ድምፃቸው ቴሌቪዥኑ ውስጥ እንዳለው የመርከብ አለቃ ነው። ጨዋታው ገባት።

"አና ሪማ" አለች።

"'አና' አለ" አሉ ቄሱ ወደ ዲያቆኑ ዞረው። "'አነ' ብሎ ግእዝ ሊያወራ ሲል ተሰናከለበት እንዴ?"

ይኼኔ ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ መሳቅ ጀመረች። የኔአለም ትባላለች፤ የአምበር ልጅ ናት። ጂዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ወገቧን እዚያ ጥላ የተመለሰች ናት።

"አባቴ፣ ይፍቱኝ" አለች ሳቋ ሲለቃት። "ልጅቱ አድኑኝ ነው የምትለው። በረዳት። ስሜ ሪማ ነው ደግሞ አለች። ዓረብኛ ነው።"

"ርግጠኛ ነሽ?"

"የእኔ እመቤት እንኳ እንዲህ አድርጋ አትናገረውም። መጽሐፍ ላይ ያለው ዓረብኛ ነው፤ ዜና የሚያነቡበት። ይቺ ልጅ ጂዳ ገበያ ገብታ ቲማቲም ብትጠይቅ፣ እኛ አገር ሕፃን ልጅ በግእዝ ዳቦ ስጡኝ እንዳለ ነው የሚቆጥሩት።"

አባ ወልደ ሩፋኤል ጣሳውን አስቀመጡና ልጅቱን በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አደረጓት።

"ማን አስተማረሽ፣ ልጄ?"

"ሪማ።"

"ሪማ ማናት?"

"ወንድሟ የጠፋባት።"

"የት ነው የምትኖረው?"

"እማዬ ቤት፣ ቴሌቪዥን ውስጥ።"

"እንዴት አድርጋ አስተማረችሽ?"

"እሷ ትላለች፤ እኔ እላለሁ።"

"እኛስ ከዚህ የተለየ ምን አደረግን" አሉ ቄሱ። "የኔታ ይላሉ፣ እኛ እንላለን። አርጩሜው ብቻ ነው ትርፉ።" ከዚያ ወደ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ዞሩ። "እመቤቴ፣ ልጅቱ ምንም የለባትም። ያለባት ቴሌቪዥን ነው።"

ሥራነሽ እፎይ ልትል ስትል አማቷ ቀደሟት።

"ርኩስ መንፈስ ቢሆንማ ጠበል ያስለቅቀው ነበር" አሉ። "ቴሌቪዥን ከሆነ ምን ያስለቅቀዋል?"

ቄሱ ይኼን አልተማሩትም።

"መራቅ ነው" አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ራሳቸው ሲመልሱ። "ልጅቱ እኔ ዘንድ ትቀመጣለች። እኔ ቤት መብራት የለ፣ ዲሽ የለ። የልጄ ምትክ ናት፤ አፏን በአገሯ ቋንቋ ትፈታለች።"

ሰው ሁሉ ሥራነሽን ያያል። አማቷ በሰው ፊት ተናግረዋል፤ ደግሞ ልጄን ዲሽ ሥር ጥዬ ብርጭቆ ሳጥብ ነበር የኖርኩት የሚለው ሐሳብ እንደ እሾህ ወጋት። አልሰጥም ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን የለመደው እሺ ነው።

ብቻዋን ወደ ሉማሜ ተመለሰች።

በማግሥቱ ልጆቹ ጀሪካናቸውን ተሸክመው መጡ። አስተርጓሚ የለም። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩ፤ ከዚያ ተጣሉ። አንዱ "ሪማ ሞታለች" ይላል፤ ሌላው "አልሞተችም፣ ተኝታ ነው" ይላል። ሥራነሽ መሐል ገብታ ፈረደች፦ "ዐይኗን ገልጣለች፤ አልሞተችም።" ለመፍረድ ደግሞ ማየት ያስፈልግ ነበር። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች።

ልጅዋ ከዚህ ነገር ጋር ዓመታት ስትኖር እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ኖራለች። አሁን ስታይ አንዲት ቀጫጫ ልጅ አለች፤ እግሩን የሚያነክስ ውሻ አላት። ወንድሟን መርከብ ይዞት ሄዷል። ቀሪውን ሥራነሽ በግምት ነው የምታየው። ጢማሙ ሰውዬ ሲጮህ መጥፎ ነው ትላለች፤ ሲያለቅስ ደግሞ ግራ ይገባታል። ዜማ ብትኖር ትነግረኝ ነበር ትልና ተነስታ ያልቆሸሸ ብርጭቆ ታጥባለች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የኔአለም ከአምበር ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አውቶቡሷ ሉማሜ ቆመ። ገብታ ሻይ ያዘች።

"ዜማ ደኅና ናት?" አለቻት ሥራነሽ።

"እሷማ ደኅና ናት። ቀበሌው ነው ያልዳነው።"

"ምን ሆነ?"

"ልጁ ሁሉ ጥጃ ሲነዳ 'ሃያ ቢና' ነው የሚለው፤ እንሂድ ማለቱ ነው። አማትሽ ቤት ደግሞ ከእራት በፊት ሰው አይጠፋም። ያቺን ሪማን ትተርክላቸዋለች። እየሠራች፣ እያነከሰች፣ እየጮኸች። አማትሽ መጀመሪያ 'ተይ ይኼን' ሲሉ ነበር። አሁን መርከብ ምን እንደሆነ ጠይቀው፣ ባሕሩ ከጣና ይበልጣል ወይ ብለው ጠይቀው፣ የውሻውን እግር በምን እንደሚያሹት ምክር እስከ መስጠት ደርሰዋል።"

ሥራነሽ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀች።

"ግን አሁን ችግር ተፈጠረ" አለች የኔአለም። "ልጅቱ ያየችውን ጨረሰች። ወንድምየው መርከቡ ላይ እንዳለ ቀረ። አማትሽ 'ከዚያስ?' ይሏታል፤ 'እንጃ፣ ወደዚህ አመጣችሁኝ' ትላቸዋለች። ሴትዮዋ እህል አልበላ ብሏቸዋል።"

የገበያ ቀን ነበር ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ዜማን ይዘው ብቅ ሲሉ። ዜማ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አማቷ ግን ደጃፉ ላይ ቆመው ማስረዳት ጀመሩ።

"ለልጅቱ ልብስ ልወስድ ነው የመጣሁት። ብርድ ነው እኛ ዘንድ።"

"ይግቡ፣ እሜቴ።"

"አልቀመጥም።"

ተቀመጡ፤ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው። ሙዚቃው ሲጀምር ዜማ በርጩማዋን ይዛ ወደ ቦታዋ በረረች። ልጆቹ እልል አሉ። አማቷ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ትንሽ ዞር አሉ፤ ብርሃኑ ዐይኔን ወጋኝ ብለው ደግሞ ዞር አሉ። በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ዞሩ።

"ይቺ ናት?" አሉ። "እንዲህ ከሲታ ናት እንዴ? የሚያበላትስ የለም?"

"ብዙ ቀን አምልጦኛል" አለች ዜማ እናቷን እያየች። "ምን ሆነ፣ እማዬ? አንቺ አይተሻል?"

ቤቱ ሁሉ ወደ ሥራነሽ ዞረ። በሕይወቷ እንዲህ ተጠብቃ አታውቅም።

"እኔ እንኳ ንግግሩን አልሰማሁም" አለች። "ያየሁትን ልንገርሽ እንጂ። ወንድምየው ከመርከቡ ወረደ። ከዚያ ጢማሙ ሰውዬ ወረቀት ሰጠውና አለቀሰ።"

"አለቀሰ?" አሉ አማቷ። "ያ አረመኔ?"

"አለቀሰ፣ እሜቴ። እኔም ግራ ገብቶኛል።"

ዜማ አገጯን ይዛ አሰበች። "እንግዲያው አባታቸው እሱ ነው" አለች።

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ደረታቸውን ያዙ። በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ።

የዚያን ቀን መኪና አላጡም፤ ግን አልሄዱም። "የእግዜር ነገር እንዲህ እንደተንጠለጠለ ጥዬ አልሄድም" አሉ። "የዚያ ልጅ ነገር ሲለይለት እንሄዳለን።" ሥራነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜማን ወገቧ ላይ ተለጥፋ ብርጭቆ ስታደርቅ እያየች፣ ይቺ ሪማ ወንድሟን ባታገኘው ምናለበት ትላለች። ደግሞ ያቺን ከሲታ ልጅ እንዲህ መመኘት ግፍ ሆኖባት ታማትባለች።

ሪማ ወንድሟን አገኘችው። ወደቡ ላይ ተቃቀፉ፤ ውሻው እያነከሰ ዞራቸው። ዜማ እያለቀሰች አስተረጎመች፤ ልጆቹ እያለቀሱ ሰሙ፤ አማቷ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ አፍንጫቸውን አጽድተው ብድግ አሉ።

"በይ ዜማ፣ አለቀ። ልብስሽን ሰብስቢ፤ መኪና ሳያመልጠን።"

ልጅቱ እናቷን አየቻት። ሥራነሽ እንደ ወትሮዋ መሬት መሬቱን አየች። ብቻዋን ስታይ በከረመችበት ጊዜ ግን አንድ ነገር አስተውላለች። ጠዋት ጠዋት የሚታየው የሌላ ልጅ ታሪክ ባለቀ ዕለት፣ እንባ ሳይደርቅ ሌላ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ የሚፈላውን ሻይ አወረደችና በትልቁ ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልታ አማቷ ፊት አስቀመጠችው።

"ሻይ ቀድቻለሁ፣ እሜቴ። የተቀዳ ጥለው አይሄዱም።"

"እንዲህ የሚፋጀውን?"

"ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ ይቀመጡ።"

የተቀዳ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት በወንበሩ ጫፍ፣ ለመነሳት እንዳሰቡ፣ ተቀመጡ። ሻዩን እፍ አሉበት። ደግሞ እፍ አሉበት። ከራሳቸው በላይ ሌላ ሙዚቃ ጀመረ፤ አንድ ልጅ ዐይኑ የማያይ ፈረስ እየሳበ ከተራራ ላይ ወረደ። ከኋላው ጎጆ ይቃጠላል።

አማቷ ብርጭቆውን አፋቸው ድረስ አንስተው ሳይጠጡ ያዙት።

"ይኼ ደግሞ የማን ልጅ ነው?"

"ገና ነው፣ እማማ" አለች ዜማ በርጩማዋን ወደፊት እየሳበች። "ስሙን እንኳ አልነገሩንም።"

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ከወንበሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ተደላደሉ። ሻዩ ሲቀዘቅዝ ሥራነሽ ሌላ ለወጠችላቸው።